ራዲዮና አሮጌው ፒክአፕ

አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ሳይገጥማችሁ አልቀረም። ሞተሩን አስፈትቶ ያሳድሳል፤ ዝገቱን አስፍቆ ቀለም ያስቀባል፤ የወንበሩን ልብስ ይለውጣል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣበት አሳብ፥ «እንግዲህ አንድ ራዲዮ ቢኖረው ምን ነበረበት!» የሚል ነው። ራዲዮ ይገዛል፤ ለሁለቱ በሮች ሁለት ድምፅ ማጉያ ይጨምራል፤ ሥራውም በአንድ ቀን የሚያልቅ ይመስለዋል። ነገር ግን በመኪና ላይ ከሚሠሩት ትንንሽ ሥራዎች መካከል ይህን ያህል ቀላል መስሎ ይህን ያህል ጣጣ የሚያመጣ ጥቂት ነው። ሳይታሰብ የተዘረጋ አንድ ሽቦ አዲሱን ራዲዮ በቅጽበት ሊያቃጥለው፥ ባትሪውን ባዶ ሊያስቀረው፥ ይባስ ብሎም ያን ያህል የተደከመበትን መኪና በእሳት ሊያስበላው ይችላል።

ምክንያቱም ራዲዮውና መኪናው የሁለት ዘመን ልጆች ስለ ሆኑ ነው። ሁለቱን ለማስማማት የሚያስፈልገው ዕውቀት ግን ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ቮልት፥ አምፔርና ኦም ምን እንደ ሆኑ ለሚያውቅ ተማሪ ሁሉ በእጁ ያለ ነው። በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፥ «ይህ የኦም ሕግ ከፈተና ውጭ ምን ይጠቅማል?» የሚል ተማሪ አይታጣም። መልሱ እነሆ!

ለምሳሌ አንድ የታወቀ መኪና እንውሰድ። የአሜሪካው የፎርድ ኩባንያ የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ባከበረበት በ1953 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤፍ-100 የተባለውን ፒክአፕ አወጣ። በዚያ መልኩ እስከ 1956 የተሠራው ይህ መኪና ዛሬ በአሜሪካ የአሮጌ መኪና ወዳጆች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አንዱ ነው። ሲሠራ ግን ለጌጥ አልነበረም፤ ለገበሬ፥ ለአናጢና ለነጋዴ ዕቃ መጫኛ ነበር። ራዲዮ ለብቻው ተከፍሎበት የሚጨመር ነገር ነበር፤ ድምፅ ማጉያውም አንድ ብቻ ነበር። በበሮቹ ውስጥ ከመስተዋቱና ከመስተዋቱ ማውረጃ፥ ከመዝጊያውም በቀር ምንም አልነበረም። ይህን መኪና የመረጥሁት በእነዚያ አራት ዓመቶች ውስጥ ኤሌክትሪኩ ከሥሩ ስለ ተለወጠ ነው። ትምህርቱ ግን በእኛ አገር መንገድ ላይ ለሚታዩት አሮጌ ላንድ ሮቨሮችና ቶዮታዎችም ይሠራል።

ራዲዮ ወደ መኪና እንዴት ገባ

መኪናና ራዲዮ እስከ 1930 ድረስ እምብዛም አይተዋወቁም ነበር። በዚያ ዓመት ፖል ጋልቪን የተባለ የቺካጎ ነጋዴ በስቱዲቤከር አውቶሞቢሉ ላይ ራዲዮ አስገጥሞ፥ የራዲዮ ፋብሪካ ባለቤቶች ለስብሰባ ወደ ተሰበሰቡባት ወደ አትላንቲክ ሲቲ ሄደ። በአዳራሹ ውስጥ ዕቃውን የሚያሳይበት ቦታ ስላልነበረው መኪናውን ደጅ አቁሞ ድምፁን ከፍ በማድረግ የሚያልፈውን ሁሉ አስደመጠ። ለራዲዮውም ሞቶሮላ የሚል ስም አወጣለት፤ ኋላም ኩባንያው ራሱ በዚህ ስም ተጠራ። ዋጋው ከመቶ ዶላር በላይ ነበር። ይህም አዲስ ፎርድ መኪና በአምስት መቶ ዶላር አካባቢ በሚገዛበት ዘመን የመኪናውን አንድ አምስተኛ ያህል ማለት ነው። በጀርመን አገርም የብላውፑንክት ፋብሪካ በ1932 የመኪና ራዲዮ ለገበያ አቀረበ።

የዚያን ዘመን ራዲዮ ዛሬ እንደምናውቀው አልነበረም። በውስጡ አምፖል የሚመስሉ የብርጭቆ ቫልቮች ነበሩ። እነዚህም ሥራቸውን የሚሠሩት በመቶ በሚቈጠር ቮልት ነው፤ የመኪናው ባትሪ ግን ስድስት ቮልት ብቻ ነበር። ስለዚህ ቫይብሬተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ የባትሪውን ኤሌክትሪክ በፍጥነት እየቈረጠና እየቀጠለ ወደ ትራንስፎርመር ይልከዋል፤ ትራንስፎርመሩም ቮልቱን ከፍ ያደርገዋል። አሮጌ የመኪና ራዲዮ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚሰማው እንደ ንብ ያለ ድምፅ የዚህ የቫይብሬተር ድምፅ ነው። በ1947 በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ክራይስለርና ፊልኮ በ1955 ሁሉም በትራንዚስተር የሚሠራ የመኪና ራዲዮ አወጡ፤ ሙቀቱም ክብደቱም ቀነሰ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከ1953 እስከ 1963 ባለው ጊዜ በተሠሩት የአሜሪካ ራዲዮዎች ቁጥር ላይ፥ በ640 እና በ1240 ኪሎኸርዝ አጠገብ ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክቶች ይታያሉ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ የአየር ጥቃት ቢደርስባት ሕዝቡ ማስታወቂያ የሚሰማው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ እንዲሆን መንግሥት ወስኖ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ራዲዮ በመኪናው ላይ ካገኛችሁ፥ ባይሠራም እንኳ አትጣሉት። ታሪክ ያለው ዕቃ ነው።

ስድስት ቮልት ወይስ አሥራ ሁለት?

ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ የመኪናው ባትሪ ስንት ቮልት ነው የሚለው ነው። ከ1953 እስከ 1955 የተሠሩት ኤፍ-100ዎች ባለ 6 ቮልት ሲሆኑ የ1956ቱ ባለ 12 ቮልት ነው። ፋብሪካዎቹ ይህን ያደረጉበት ምክንያት የክፍል ጥያቄ ሊሆን ይችላል። 60 ዋት የሚበላ መብራት በ6 ቮልት 10 አምፔር ይስባል፤ በ12 ቮልት ግን 5 አምፔር ይበቃዋል። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፥ አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ቀጭን ሽቦ ብዙ ሥራ ሊሠራ የቻለው ስለዚህ ነው።

የዛሬው ራዲዮ የሚፈልገው 12 ቮልት ነው፤ በስድስት ቮልት አይነሣም። ስለዚህ ባለ 6 ቮልት መኪና ያለው ሰው ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው መኪናውን በሙሉ ወደ 12 ቮልት መለወጥ ነው፤ ይህ ግን አምፖሎቹን፥ ቦቢናውን፥ ዲናሞውንና የነዳጅ መለኪያውን ሁሉ ይነካል። ሁለተኛው ስድስቱን ቮልት ወደ አሥራ ሁለት የሚያወጣ ትንሽ ሣጥን ለራዲዮው ብቻ ማስገባት ነው። ሦስተኛው የድሮውን ራዲዮ ፊቱንና ቁልፎቹን እንዳሉ ትቶ ውስጡን በአዲስ መሣሪያ ማስለወጥ ነው። የመጨረሻው ዋጋው ከበድ ይላል፤ ዳሽቦርዱ ሳይቈረጥ ጋቢናው የቀድሞ መልኩን እንደ ያዘ እንዲኖር ለሚፈልግ ግን የተሻለው ነው።

ከአካሉ ጋር የታሰረው የትኛው ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ አደገኛ ነው። በመኪና ውስጥ የባትሪው አንዱ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል፤ የብረቱ አካል ራሱ እንደ አንድ ትልቅ መመለሻ ሽቦ ያገለግላል። ዛሬ በየመኪናው ከአካሉ ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቩ ነው። እስከ 1955 በተሠሩት ፎርዶች ግን የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነበር። በዚያው ዘመን የነበረው የሼቭሮሌ ፒክአፕ ባለ 6 ቮልት ሆኖ ሳለ ኔጋቲቩን ከአካሉ ጋር ያስር ነበር። የእንግሊዙ ላንድ ሮቨር ደግሞ ባለ 12 ቮልት ሆኖ ሳለ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ፖዘቲቩን ያስር ነበር። ስለዚህ የመኪናውን ስምና ዕድሜ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ከዚህ በፊት የያዘው ሰው ለውጦትም ሊሆን ስለሚችል ቴስተር ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩ።

ይህ ለምን ያስፈራል? የራዲዮው የቆርቆሮ ሣጥን ከኔጋቲቩ ጋር የተገናኘ ነው። ይህን ሣጥን ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር በታሰረ መኪና ላይ በብሎን ካሰራችሁትና መሥመሩን ከሰጣችሁት፥ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በቀጥታ ተገናኙ ማለት ነው። ሣጥኑን በጎማና በእንጨት ከአካሉ ለይቶ የሚገጥም ሰውም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር አንቴናውን ነው። የአንቴናው ሽቦ የውጭ ሽፋን በአንድ በኩል ከራዲዮው ሣጥን፥ በሌላው በኩል ከመኪናው አካል ጋር ስለሚገናኝ በበር የተባረረው ሾርት በመስኮት ይገባል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው መኪና ላይ ሁለቱን ወገኖች ፈጽሞ የሚለይ መለወጫ ሣጥን ያስፈልጋል፤ አለዚያም የመኪናውን አያያዝ ዐዋቂ ባለሙያ ይለውጠው።

ፊውዝ የሽቦው ዘብ ነው

ብዙ ሰዎች ፊውዝ ራዲዮውን የሚጠብቅ ይመስላቸዋል። የመኪናው ፊውዝ ዋና ሥራ ግን ሽቦውን መጠበቅ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር የሚያስነሣ ስለ ሆነ ሾርት በሆነ ሽቦ ውስጥ በመቶ የሚቈጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ ቀጭኑ ሽቦ እንደ ምድጃ ፍም ይቀላል፤ ልባሱ ይነዳል፤ እሳቱም ወደ ወንበሩ ይሄዳል። ስለዚህ ፊውዙ መቀመጥ ያለበት ራዲዮው አጠገብ ብቻ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ፥ ከአንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ ነው። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና አጭር ይሁን።

በዚያ ዘመን መኪናዎች ውስጥ ሽቦው በጨርቅ የተለበሰ ነበር። ጨርቁ በሙቀትና በዘይት ብዛት ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ሲነኩት ይረግፋል። ከእንዲህ ያለው የመብራት ሽቦ ላይ ቀጥሎ ለራዲዮ መስጠት ለሽማግሌ የጕልማሳ ሸክም እንደ መጫን ነው። ለራዲዮው ከባትሪው የሚነሣ የራሱ አዲስ መሥመር አውጡለት። ለዋናው መሥመር 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፥ ለድምፅ ማጉያዎቹ አንድ ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ለተለመደ ራዲዮ በቂ ነው።

አዲስ ራዲዮ ስትገዙ ከኋላው የሚወጡት ሽቦዎች በቀለም የተለዩ ናቸው። በብዙዎቹ ላይ ጥቁሩ ኔጋቲቭ፥ ቀዩ በሞተር ቁልፍ የሚከፈት መሥመር፥ ቢጫው ደግሞ ሁልጊዜ ከባትሪው ጋር ተገናኝቶ ሰዓቱንና የጣቢያዎቹን ቁጥር የሚያስታውስ ነው። ነጩ ለግራ የፊት ድምፅ ማጉያ፥ ግራጫው ለቀኝ የፊት ድምፅ ማጉያ ነው፤ ጥቁር መሥመር ያለባቸው ጥንዶቻቸው የኔጋቲቩ ናቸው።

ያ ቢጫ ሽቦ መኪናው ቆሞም ይበላል። 10 ሚሊአምፔር ብቻ ይስባል እንበል። በቀን 0.24፥ በ30 ቀን 7.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሦስት ወር ውስጥ ከሲሶው በላይ ይጐድላል። አሮጌ መኪና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ የሚውል ነው። በቢጫው መሥመር ላይ አንዲት ትንሽ ማጥፊያ ማስገባት ባትሪ ከመግዛት ይረክሳል።

በሩ የሚጠይቀው

አሁን ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት ወደሚፈልገው ቦታ ደረስን። መጋዝ ከማንሣታችሁ በፊት የበሩን ውስጠኛ ሽፋን ፍቱና መስተዋቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ። መስተዋቱ በሚወርድበትና በውስጠኛው ቆርቆሮ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ፤ የመስተዋቱ ማውረጃ እጅ የሚዞርበትንም ቦታ እዩ። የድምፅ ማጉያው ማግኔት ከዚያ ክፍተት ያነሰ ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። አባቶቻችን መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ያሉት ለወጥ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በመስተዋቱ ጠርዝ አልፎ በበሩ ውስጥ ይወርድና በሥር ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። የበሩ ውስጥ ደረቅ ቤት አይደለም። ስለዚህ ከድምፅ ማጉያው በላይ እንደ ጥላ የሚከልል ፕላስቲክ አድርጉለት፤ የሥሩን ቀዳዳዎች ግን አትድፈኑ። ከደፈናችኋቸው ውሃው ተጠራቅሞ በሩ ከሥሩ ይበላል።

ሦስተኛው ሽቦው ከጋቢናው ወደ በሩ የሚሻገርበት ቦታ ነው። በሩ በቀን ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ ሽቦውም አብሮ ይታጠፋል። በባዶ ቆርቆሮ ቀዳዳ ያለፈ ሽቦ ልባሱ እየተፋቀ አንድ ቀን መዳቡ ብረቱን ይነካል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ቀዳዳውን በጎማ ቀለበት አልብሱ፤ በመካከል ያለውን ሽቦ በጎማ ቱቦ ሸፍኑ፤ ቦታው ከማጠፊያው አጠገብ ይሁን፤ በሩ እስከ መጨረሻው ሲከፈት የማይወጠር፥ ሲዘጋም የማይቀረቀር ትርፍ ይኑረው። ሽቦው ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ይውረድ፤ የዝናቡ ጠብታ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ጋቢናው እንዳይገባ ነው።

በሩን መቍረጥ የማይፈልግ ሰውም መፍትሔ አለው። አንድ ድምፅ ማጉያ ሆኖ በውስጡ ሁለት ጥቅል ያለው፥ የግራውንም የቀኙንም ድምፅ አንድ ላይ የሚያወጣ ዓይነት ይሸጣል። እርሱ በድሮው ድምፅ ማጉያ ቦታ ይገባል። ከወንበሩ ሥር ሣጥን ማስቀመጥም ይቻላል።

ሁለት ሽቦ ለአንድ ድምፅ ማጉያ

የቀድሞ ባለሙያዎች ለድምፅ ማጉያው አንድ ሽቦ ብቻ ይዘረጉና ሁለተኛውን ጫፍ በቅርብ ካገኙት ብረት ጋር ያስሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ልማድ ራዲዮ ገዳይ ነው። የዛሬው ራዲዮ በድምፅ ማጉያው ሁለት ሽቦዎች ሁሉ ላይ፥ በኔጋቲቩም ጭምር፥ የባትሪውን ግማሽ ያህል ቮልት ይይዛል። ከእነዚህ አንዱ የመኪናውን አካል ቢነካ የራዲዮው ማጉያ ክፍል ይቃጠላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ ሁለት ሽቦ ከራዲዮው ድረስ ይዘርጋ፤ ከብረት ጋርም፥ እርስ በርሱም አይገናኝ።

በአንድ መውጫ ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ መደረብም እንዲሁ ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ድምፅ ማጉያዎች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አምፔሩ በእጥፍ ያድጋል፤ ለ4 ኦም የተሠራ ራዲዮም ይግላል።

ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ እንዳይምታታባችሁ ባለ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ውሰዱ። በድምፅ ማጉያው ጫፎች ላይ ለቅጽበት አስነኩት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከገፋ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቩ ነው። የሁለቱ በሮች ድምፅ ማጉያዎች ካልተስማሙ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ የከበሮውና የክራሩ ወፍራም ድምፅም ይጠፋል። ሰው ይህን ሳያውቅ ሌላ ድምፅ ማጉያ ለመግዛት ይነሣል።

በካርቶኑ ላይ «50 ዋት» የሚለውን ጽሕፈትም ብዙ አትመኑት። በ14.4 ቮልት የሚሠራ ራዲዮ በ4 ኦም ድምፅ ማጉያ ላይ ድምፁ ሳይበላሽ ሊሰጥ የሚችለው በሒሳብ 26 ዋት ያህል ነው፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ለአንድ ጠባብ ጋቢና ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ጩኸቱና ጣቢያው

ራዲዮው ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሣ የሚሰማ ጩኸት አለ። ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚቀጥን ፉጨት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከዲናሞው ነው፤ ለዲናሞው የተሠራ ኮንደንሰር ይቀንሰዋል። ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ከካንዴላዎቹ ነው፤ መዳብ ባለው የካንዴላ ሽቦ ፈንታ ለራዲዮ ተብሎ የተሠራው ይግባለት። የአንቴናው እግር የሚያርፍበት ቆርቆሮም ከቀለምና ከዝገት ይጽዳ። አሮጌ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ባትሪውን በደንብ እንደማይሞላም አስታውሱ። መኪናውን አቁሞ ሞተሩን በዝግታ እያስኬዱ ዘፈን መስማት ባትሪውን መብላት ነው።

በእኛ አገር ራዲዮ የሚገዛ ሰው አንድ ሌላ ነገር ይመልከት። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ቀደም ያሉት የመኪና ራዲዮዎች ኤፍ ኤም የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የሚሰሙት ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እና ሸገር 102.1 ከዚያ ውጭ ናቸው። ተጨማሪ መለወጫ ካልገባለት በቀር የሚያምር ራዲዮ ገዝቶ ዝምታ መስማት ይሆናል። ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩ እስከ 108 መድረሱን አረጋግጡ።

ከመዝጋታችሁ በፊት

ሥራ ሲጀመር በመጀመሪያ የሚፈታው ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው የባትሪ ገመድ ነው፤ ሲያልቅም በመጨረሻ የሚታሰረው እርሱ ነው። ይህን የጠበቀ ሰው መፍቻው ብረት ቢነካበት አይደነግጥም። ሁሉ ከተገናኘ በኋላ ወዲያው ፊውዝ አታስገቡ። በፊውዙ ቦታ አንድ ባለ 21 ዋት የመኪና አምፖል አስገቡ። ራዲዮው ተዘግቶ ሳለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ አንድ ቦታ ሾርት አለ፤ አምፖሉ አምፔሩን ስለሚገታው ግን የሚቃጠል ነገር የለም። ካልበራ ፊውዙን አስገቡና ክፈቱት።

ፊውዝና የጎማ ቀለበት ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፤ የቴስተርም ዋጋ ከራዲዮው አይደርስም። ሰው ግን ገንዘቡን ለሚታየው ነገር አውጥቶ ለማይታየው ሽቦ ይሰስታል። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። እርሱ የመኪናው የመጨረሻ ባለቤት አይደለም። የጨመረውን ሁሉ ሌላው ያለ ጠባሳ ሊያነሣው የሚችል ይሁን፤ የፈታውን ሁሉ በሣጥን ያስቀምጥ። ሽቦዎቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚደርሱ፥ ቀለማቸው ምን እንደ ሆነ፥ ፊውዙ የት እንዳለና ስንት አምፔር እንደ ሆነ በአንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይንደፍ፤ ወረቀቱንም በመኪናው ኪስ ውስጥ ይተወው። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ዳሽቦርድ የሚፈታው ሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ማንም ቢሆን ግን ያችን ወረቀት ያመሰግናታል።